ቀን ሥራ ከነምግቡ

እትዬ አሰፋች ለአንድ ሰው የሚሆን ወጥ መሥራት አይችሉም። ለማጋነን አይደለም፤ ዲላ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ በር ለበር ተከራይተን ስንኖር ብዙ ዓመታችን ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽንኩርት መክተፍ ከጀመሩ እጃቸው አይቆምም። "አሁንስ ይበቃል" ብለው ቢላዋውን ያስቀምጣሉ፤ ድስቱን አየት ያደርጉና "ይቺማ ለማን ትደርሳለች" ብለው እንደገና ያነሡታል። ወጡ ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ በቅቶ ለጎረቤት ይተርፋል። ቤተሰብ ግን አጠገባቸው የለም፤ ጎረቤት የምባለውም እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ የወሩን ግማሽ መንገድ ላይ ነኝ።

የግቢው ሌሎች ክፍሎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተዋል። እትዬ አሰፋች በር ላይ ቆመው "እናንት ልጆች፣ ኑ እስቲ ቅመሱ" ሲሏቸው ልጆቹ የጆሮ ማዳመጫቸውን ነቀል አድርገው "ቴንኪው እትዬ፣ ካፌ በልተን ነው የመጣነው" ይሉና መልሰው ይሰኩታል። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ በራቸውን ሲዘጉ እንኳ ቀስ ብለው ነው። እትዬ አሰፋች ግን በሩ በኃይል ቢዘጋ የሚመርጡ ይመስለኛል፣ ቢያንስ ሰው መኖሩ ይሰማል።

እኔ ዘመንፈስቅዱስ እባላለሁ፤ እሳቸው ዘመኔ ይሉኛል። ከዞኑ መምሪያዎች በአንዱ ተቀጥሬ ነው የምሠራው። ሥራዬ ሲያወሩት ያምራል። በየወረዳው እየዞርኩ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚከፈለው፣ ካምና ጋር ሲተያይ የቱ እንደጨመረ የቱ እንደቀነሰ እጠይቃለሁ። ዲላ ስመለስ ግብርና፣ ግንባታ፣ ንግድ፣ አገልግሎት እያልኩ እከፋፍለዋለሁ። አለቆቼ ስብሰባ ላይ ያነቡታል፣ ተሰብሳቢው ሻይ እስኪመጣ ይታገሣል፣ አለቀ። ሥራዬን አልጠላውም። የምጠላው "አዝማሚያ" የሚሏትን ቃል ነው። አዝማሚያው ወደዚህ ነው፣ አዝማሚያው ወደዚያ ነው ሲባል ነገሩ ሰው ሳይነካው በራሱ የሚሄድ ይመስላል። ስብሰባ ላይ ይህን ብናገር "አንተ ደግሞ ፍልስፍና ጀመርክ" ይሉኛል። እዚህ ግን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ስለ እትዬ አሰፋች ልናገር።

የተወለዱት እዚሁ ዲላ ነው። አባታቸው በንጉሡ ጊዜ ከመንዝ መጥተው ገበያው ዳር መኪና ዘርግተው ልብስ ይሰፉ ነበር። እትዬ አሰፋች ገና በልጅነታቸው ከአባታቸው ደንበኞች ጌዴኦኛ ለምደው፣ አሁንም ሲቆጡ ከአማርኛው ይልቅ እሱ ይቀናቸዋል። ልጃገረድ ሳሉ ቡና መጋዘን ገቡ፣ ለቀማ። ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው እየለዩ መዋል ነው ሥራው። ብዙ ሴት በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጦ ይለቅማል፣ ያወራል፣ ይሳሳቃል፣ ይጣላል። "ዘመኔ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ያልሰማሁት የሰው ጉዳይ የለም" ይላሉ። ከዚያ ወልዱ የሚባሉ የጭነት መኪና ሾፌር አገቡ፣ ትጊን ወለዱ። ወልዱ በበሽታ ሞቱ። የለቀማው ሥራ ደግሞ እያደር ወደ አዲስ አበባ መጋዘኖች እየዞረ ዲላ ላይ ሳሳ። እትዬ አሰፋች መንገድ የሚሠራ ኩባንያ ካምፕ ወጥ ሠሪ ሆኑ። መንገዱ አለቀ፣ ካምፑ ተነሣ። መንገድ የሚያልቅ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት ይላሉ፣ እየሳቁ።

የገቡበት ሥራ ሁሉ እሳቸው ሲለምዱት ትቷቸው ይሄዳል። በዞናችን የትኛው ሥራ መቼ እንደከሰመ ለማወቅ የእኔን ሪፖርት ከማገላበጥ እሳቸውን መጠየቅ ይቀላል፤ ደግሞም ከእሳቸው ሲሰሙት እንቅልፍ አያመጣም።

ልጃቸው ትጊ ሐዋሳ ልብስ ፋብሪካ ገብታ ነበር። ደመወዟን የቤት ኪራይ እየበላው ቢያስቸግራት ዓረብ አገር ሄደች። አልፎ አልፎ በስልክ ፊቷን ታሳያቸዋለች። እትዬ አሰፋች ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው ያዩዋታል። ከስተሻል፣ ወፍረሻል እያሉ ይከራከሯታል። ስልኩ ሲዘጋ "ጥሩ ነገር ነው እኮ፣ ጉርሻ አያስተላልፍም እንጂ" አሉኝ አንድ ቀን። የሳቅሁት እንድስቅ ብለው ስለተናገሩት ነው።

ከካምፑ በኋላ ነው ገደብ ወረዳ፣ ባንኮ ጎቲቲ ወደሚባል የቡና መንደር የሄዱት። እዚያ አቶ ሽፋ የሚባሉ ነጋዴ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አላቸው። አቶ ሽፋ አባታቸው ዲላ ላይ ሱቅና የጭነት መኪና የነበራቸው፣ እትዬ አሰፋች ከሕፃንነታቸው የሚያውቋቸው ሰው ናቸው። ስለዚህ አቶ ሽፋ "እትዬ፣ እርስዎ" ይሏቸዋል፣ እትዬ አሰፋች ግን የጣቢያው ባለቤት ነው ብለው ሳይፈሩ "አንተ ሽፋ" ነው የሚሉት። ጣቢያው የሚሠራው ቡናው ሲቀላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ከጉጂ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታ፣ ከዚያው ከገደብ አካባቢ የቀን ሠራተኛ ይሰበሰባል። አንዱ መፈልፈያ ማሽኑ ላይ ነው፣ አንዱ ውኃው ላይ፣ ሌላው የታጠበው ቡና የሚሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ላይ። ክፍያው ቀን ሥራ ከነምግቡ ነው። ያ "ከነምግቡ" የሚባለው ነገር እትዬ አሰፋች ናቸው።

ሥራቸውን ልንገራችሁ። ጎላ ድስት ሙሉ ሽሮ፣ ጎላ ሙሉ ቦሎቄ፣ ጎመን፣ ቆጮ። ወቅቱ የገና ጾም ነው። ከሠራተኛው አብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው፣ አቶ ሽፋና ዘመዶቻቸው ሙስሊም ናቸው፣ በእትዬ አሰፋች ወጥ ቤት ግን ገና እስኪደርስ ሁሉም ይጾማል። የሚያጉረመርም ካለ "ግድ የለህም፣ ነፍስህ ኋላ ታመሰግነኛለች" ይሉታል። አንድ ትሪ ላይ የአንድ አገር ልጆች አያስቀምጡም፤ አንተ እዚህ፣ አንተ እዚያ እያሉ ይቀላቅሏቸዋል። የማሽኑ ሰዎች ሁልጊዜ ይዘገያሉ፤ እነሱ እጃቸውን ታጥበው እስኪቀመጡ ማንም እጁን አይሰድም። እሳቸው ጭልፋ ይዘው በትሪዎቹ መሐል እየተመላለሱ "ይኼ ትሪ ፈዟል፣ ምነው፣ ተጣላችሁ?" ይላሉ። ሁሉም እማማ ነው የሚላቸው። እኔ ለመረጃ ብዬ በሄድኩ ቁጥር ምሳ ሰዓት ላይ ለመድረስ የማደርገውን ጥረት አለቆቼ ቢያውቁ ለሌላውም ሥራዬ እንዲህ እንድተጋ ይመኙ ነበር።

በዓመት ውስጥ እትዬ አሰፋች ሰው የሚያገኙት እነዚያን ወራት ነው። ሌላው ጊዜ መጠበቅ ነው። ዲላ ሲመለሱ የመጀመሪያውን ሳምንት ይተኛሉ፣ ከዚያ ቤታቸውን ያጸዳሉ፣ ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ማየት ይጀምራሉ። አንዴ "እኔ አለሁ አይደል፣ ለእኔ ይሥሩልኛ" ብላቸው "አንተ አንድ ሰው ነህ፣ አንድ ሰው ማብላት ሆቴል ነው" አሉኝ። ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ልክ ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነገሩ መለዋወጥ ጀመረ። ጉጂ ውስጥ ወርቅ አለ ተባለ፤ ጎበዝ ጎበዙ ዶማውን ይዞ ነጎደ። ዲላና ይርጋጨፌ ባጃጅ በባጃጅ ሆኑ፤ መንጃ ፈቃድ ያገኘ ቡና አልጋ ላይ መጎንበስ አቆመ። ሐዋሳ ግንባታው ሰው ይፈልጋል። የቡና ዋጋ ሲወደድ ደግሞ ገበሬው ራሱ ልጆቹን ከሰው ደጅ ሰብስቦ የራሱን ማሳ ያስለቅም ጀመር። ይህን ሁሉ እኔ በየዓመቱ ጽፌዋለሁ፤ በሁሉም ዘርፍ የቀን ክፍያ ጨምሯል። እውነት ነው። ሽንኩርትም ጨምሯል፣ ኪራይም ጨምሯል፣ እሱን የሚጽፈው ሌላ መምሪያ ነው።

ባንኮ ጎቲቲ ላይ ይህ የታየው በእትዬ አሰፋች ትሪዎች ነው። ሠራተኛው እንደድሮው በኅዳር ይመጣል፣ ገና ሳይደርስ ግን ትሪዎቹ መሐል ክፍተት ይታያል። ጎረቤት የተከፈተ ጣቢያ ምግብ የለውም፣ ጥሬ ብር ግን ይጨምራል፤ ልጆቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደዚያ ተሻገሩ። እትዬ አሰፋች መሥራት የሚያውቁት ለሞላ ቤት ስለሆነ ጎላው ግማሹ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። የተረፈውን ለመንደሩ ሰው ያድሉ ነበር፤ ፊታቸው ግን አላማረኝም። "ትናንት አጠገቤ ተቀምጦ እማማ ጨምሪልኝ ያለኝ ልጅ፣ ዛሬ የት ነው ስል ሄደ ይሉኛል። ደህና ሁኚ እንኳ አይባልም?" አሉኝ።

ያ ወቅት ሊዘጋ ሲል፣ አምና በጥር፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። አቶ ሽፋ ከዲላ መጥተው ሚዛኑ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ስለ ሠራተኛ ቁጥር እየጠየቅኋቸው ነው። እትዬ አሰፋች እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ከወጥ ቤት ወጡና ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

"ሽፋ" አሉ፣ "እነዚህ ልጆች ምግቤን ጠልተው አይደለም የሚሄዱት።"

"አውቃለሁ እትዬ። የእርስዎን ወጥ ማን ይጠላል።"

"እንግዲያ ጨምርላቸው። ያኛው ጣቢያ የሚከፍለውን ክፈልና ማን ንቅንቅ እንደሚል አያለሁ። ሰው አጥተህ ቡናህ አልጋ ላይ ሊሻግት ነው እኮ!"

"ከየት አምጥቼ ልጨምር እትዬ? ወጪው እንደሆነ…"

"እሱን አንተ ታውቃለህ። ነጋዴው አንተ ነህ፣ እኔ የማውቀው ወጥ ነው።"

አቶ ሽፋ ሳቁና ወደ እኔ ዞሩ። "ይኸው መንግሥትም ሰማ፣ በእትዬ ተገምግሜያለሁ።" ከዚያ ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "ልክ ነዎት" አሉ። "ለከርሞ አስብበታለሁ። ወላሂ አስብበታለሁ።"

እትዬ አሰፋች እንደዚያን ዓመት ኮርተው አያውቁም። ዲላ ከተመለሱ በኋላ ታሪኩን ለተማሪዎቹ ሳይቀር ነገሯቸው፤ ልጆቹ ማዳመጫቸውን ነቅለው ሰሙላቸው። ክረምቱን ሙሉ "ለኅዳር ቤቱ ይሞላል" ሲሉ ነበር። ከጪጩ ገበያ ሌላ ትልቅ ትሪ ገዙ። በርበሬ አዘጋጁ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምክንያቱም ለሰው ብሎ የተናገረ ሰው ሲደመጥ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ጥቅምት ሊያልቅ አካባቢ አቶ ሽፋ ራሳቸው ግቢያችን መጡ። ስልክ መደወል ይችሉ ነበር፤ በአካል የመጡት አክብረዋቸው ነው፣ ይህን አልክድባቸውም። ስኳርና ዘይት ይዘው መጥተው እትዬ አሰፋች ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ በሬ ላይ ካልሲ እያጠብኩ ነበር።

"እትዬ፣ ያሉኝን አደረግሁ" አሉ። "ክፍያውን ጨመርኩ። ከጎረቤቱም በለጥኩ።"

"ተባረክ! አላልኩህም?"

"አዎ።" አቶ ሽፋ ወደ መሬት አዩ። "ግን ሁለቱንም አልቻልኩም። ምግቡንም፣ ጭማሪውንም። ሠራተኞቹን ሰብስቤ ጠየቅኋቸው፣ እንደድሮው ከነምግቡ ይሁን ወይስ የምግቡ በብር ይታሰብላችሁ ብዬ። ብሩን መረጡ።"

እትዬ አሰፋች ወዲያው አልገባቸውም። "እና እኔ ለስንት ሰው ነው የምሠራው?" አሉ።

"ወጥ ቤቱ ተዘጋ እትዬ።"

ውኃው ከእጄ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። እትዬ አሰፋች ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ሁሉም ናቸው የመረጡት?"

"ሁሉም።"

"ቶሌራም?"

ቶሌራ ከጉጂ የመጣ፣ መፈልፈያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ጎልማሳ ነው። እሳቸው ዘንድ ልዩ ነው፤ ሲታመም ሾርባ ያጠጡት፣ ሲያገባ ለሙሽራዋ ሻሽ የላኩለት ሰው ነው።

"ቶሌራም" አሉ አቶ ሽፋ። ከዚያ ቶሎ ብለው ቀጠሉ፣ አልጋ ላይ ሥራ እንዳለ፣ ቦታቸው እንደተጠበቀ፣ የአልጋ ሠራተኛ አሁን የሚያገኘው እሳቸው በወጥ ሠሪነት ያገኙ ከነበረው እንደሚበልጥ ነገሯቸው። እትዬ አሰፋች "እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ" ብቻ ነው ያሉት። አቶ ሽፋ ሲሄዱ እስከ ግቢው በር ሸኟቸው፣ "እናትህን ሰላም በልልኝ" አሉ። ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ነኝ እኮ ያልኩት" አሉኝ። "ዘመኔ፣ አንተም ሰምተሃል፣ ጨምርላቸው ያልኩት እኔ ነኝ።" ሳቁ። ሳቃቸው መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደ። እኔ የታጠበ ካልሲ ይዤ ቆሜያለሁ። ማንን ልቆጣ? አቶ ሽፋ አላታለሉም። ሠራተኞቹ አልበደሉም፣ እኔም ብሆን ብሩን ነበር የምመርጠው። ንዴት ግን ነበረኝ፣ የሚቀመጥበት ቦታ ያጣ ንዴት፤ ማታውን ያለ ጥፋታቸው በተማሪዎቹ ሙዚቃ ላይ ተወጣሁት።

ኅዳር ሲገባ እትዬ አሰፋች ዝም ብለው አልተቀመጡም። የራሳቸውን ድስትና አዲሱን ትሪ አሸክመው ባንኮ ጎቲቲ ሄዱ። ከጣቢያው በር ውጭ ሸራ ወጠሩ። የምግቡን በብር ተቀብለዋል አይደል፣ እንግዲህ በብራቸው ይብሉ አሉ። ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ቶሌራ ነው፣ ዲላ ለማሽኑ ቀበቶ ሊገዛ መጥቶ መንገድ ላይ ተገናኝተን።

የመጀመሪያው ቀን እትዬ አሰፋች በነፃ ነው ያሉት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው። ሁሉም መጣ፣ በላ፣ ደስ አለው። በሁለተኛው ቀን ዋጋ ነገሯቸው፣ ርካሽ ነው። ጥቂት ሰው መጣ። በሦስተኛው ቀን የመጣውን በአንድ ትሪ አስቀመጧቸው፣ ትሪውም አልሞላም። ከዚያ ወዲያ ሰዉ በዋናው በር መውጣት አቆመ። የማጠቢያው ቆሻሻ ውኃ የሚወርድበት ጉድጓድ አለ፣ በዚያ በኩል በጓሮ ዞሮ ሱቅ ሄዶ ዳቦ ገዝቶ ይመለሳል።

"ምነው ቶሌራ" አልኩት፣ ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። "ለአንድ ምሳ?"

ቶሌራ አንገቱን ደፋ። "እማማ ጥሩ ሰው ነው" አለኝ፣ በእሱ አማርኛ ሴትም ወንድም "እሱ" ነው። "ምግብ በጣም ይጣፍጣል። እኛ ነን ያፈርነው። አሁን ሁለት ልጅ አለኝ፣ ብሩን ቤት እልካለሁ። ወጥ ገዝቼ ከበላሁ ጭማሪው የት አለ? ደረቅ ዳቦ ይዤ በእሱ ፊት ሳልፍ ደግሞ 'ና በነፃ ብላ' ይለኛል። እሱም ደሃ ነው። እንዴት እበላለሁ? ስለዚህ በጓሮ እሄዳለሁ።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ባያየኝ ይሻላል ብዬ ነው። ግን ያውቃል። ሁላችንም በጓሮ እንደምንሄድ ያውቃል።"

አብረን ሻይ ጠጣን፣ ቀበቶውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

በታኅሣሥ አጋማሽ እንደ ልማዴ ለመረጃ ወጣሁ። ከዲላ እስከ ገደብ በአውቶቡስ፣ ከገደብ ባንኮ ጎቲቲ በሞተር። በሩ ላይ ሸራ አልነበረም። ሸራው የተወጠረበት ቦታ ላይ የእሳት ጥቁር ምልክት ብቻ አለ። ወደ ዲላ እንዳልተመለሱ አውቃለሁ፣ ክፍላቸው ተቆልፏል።

ኪዳነወልድ የሚባለው የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ በደስታ ነው የተቀበለኝ። ዘንድሮ ከኅዳር ጀምሮ ጥሎ የሄደ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከጎረቤት ጣቢያም የመጡ አሉ። ክፍያው በአካባቢው ካየሁት ሁሉ የተሻለ ነው። ይህን በእርካታ ነው የጻፍኩት፣ ውሸት የለበትም። ቶሌራ ለቤቱ ቆርቆሮ ገዝቷል። አንዲት ልጅ ለወንድሟ የትምህርት ቤት ልብስ እንደላከች ነገረችኝ። ሰው ሲሻለው አይቶ የሚከፋው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ግን ከፋኝ። ምሳ ሰዓት ሊደርስ ነበር፣ ወጥ ቤቱ በሩ በሚስማር ተመትቷል፣ ውስጡ ባዶ ጆንያ ተከምሮበታል።

"እትዬ አሰፋችስ?" አልኩት።

"አሉ እንጂ፣ አልጋ ላይ" አለኝ በአገጩ እየጠቆመ። "ጎበዝ ናቸው። ዓይናቸው እንዴት ያለ መሰለህ፣ ከወጣቶቹ ይሻላሉ።"

ከመጨረሻዎቹ አልጋዎች አንዱ ላይ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብለው ከተሰጣው ቡና ውስጥ የተጎዳውን እየለቀሙ ነው። ሲያዩኝ ቀና አሉ፣ ወገባቸውን ያዙ፣ ሳሙኝ። ከስተዋል። ስለ ትጊ ነገሩኝ፣ ደህና ናት። ስለ ግቢው ጠየቁኝ፣ ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ናቸው አልኳቸው።

"እኔንም ትጠይቀኛለህ አይደል?" አሉኝ። "ዘንድሮ እኔም ሠራተኛ ነኝ።"

"ድሮስ አልነበሩም?"

"ድሮ እናት ነበርኩ።" ይህን ሲሉ እጃቸው ቡናው ላይ መሥራቱን አላቆመም። "በል ጠይቀኝ፣ ሰው እያየን ነው፣ ሥራ ፈታች ይሉኛል።"

ጠየቅኋቸው። ሥራ? የቡና አልጋ። ከዚያ በፊት? ወጥ ሠሪ። ክፍያ ካምና ጋር ሲተያይ? አንድ የተሰበረ ፍሬ ለቅመው ጣሉ።

"ጨምሯል" አሉ። "በሕይወቴ እንደዘንድሮ ተከፍሎኝ አያውቅም። እሱን በደንብ ጻፈው።"

"ለምን ወደ ዲላ አልተመለሱም እትዬ?"

"እዚያ ማን አለ?" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እዚህ ቢያንስ ሰው አያለሁ ብዬ ነው። ሸራዬን ሳነሣ ልጆቹ ሁሉ ደስ አላቸው፣ ታውቃለህ? አንዷ እንደውም አቀፈችኝ። በዋናው በር መውጣት ጀመሩ።"

እንደ ደወል የተንጠለጠለው ብረት ተመታ፣ ምሳ ሆነ። ከየአልጋው ሰዉ ተነሣ። ማንም ማንንም አልጠራም። አንዱ ከዛፍ ሥር፣ አንዱ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ሌላው የቡና ጆንያ ክምር አጠገብ፣ ሁሉም ራቅ ራቅ ብሎ፣ ሁሉም ለሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ቶሌራን ከማሽኑ ወጥቶ ግድግዳውን ተጠግቶ አየሁት። ጠብ የለም፣ ኩርፊያ የለም። የያዙት ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነገር ስለሆነ እንዳይተያዩ ነው።

እትዬ አሰፋች ከአልጋው እግር ሥር ፌስታላቸውን አነሡ። ወደ አጥሩ ሄደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ተከትያቸው ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር፤ ባልራብም ግን የትም አልሄድም ነበር። ከፌስታሉ አንድ ዳቦ አወጡ። ዳቦውን አዩት። እኔን ቀና ብለው አዩኝ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፣ ከዳቦው ቆረሱ፣ ጎረሱ።

በእኛ አገር ምግብ ፊቱ ያለ ሰው የማያውቀውን መንገደኛ እንኳ እንብላ ይላል፤ መንገደኛውም ብሉ ብሎ ያልፋል፣ ወጉ ይኸው ነው። እኔ ያን ቀን እንብላ ካሉኝ አላልፍም፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ከዚያች ዳቦ እቆርሳለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። አላሉኝም።